ለሜዳው ጀርባውን የሰጠ ዳኛ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ደህና ነበር ለማለት አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ጎርፍ ነበር፣ አንበጣ ነበር፣ ግብር ሰብሳቢ ነበር። ነገር ግን እነዚህ መጥተው የሚሄዱ ናቸው። የሰኔ አሥራ ሦስቱ ማክሰኞ መጣ እንጂ አልሄደም። ሌላው ቢቀር ከእንዶዴው ባዘዘው ቤት አልሄደም፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መደብ ላይ ተቀምጦ አብሮት ምሳ ይበላል።

አገሪቱ ስም ነበራት፤ ግን ስሟን የጠራ ሁሉ ወይ ይዘፍናል ወይ ይጣላል፣ ስለዚህ ዝም ብለን አገሪቱ እንበላት። በዚያች አገር ሰው ከእህሉ ቀጥሎ የሚወደው ኳስ ነበር። ልጅ ሲወለድ «ወንድ ነው ሴት?» ከመባሉ በፊት «የማን ደጋፊ ይሆናል?» ይባላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቅዳሜ ማን እንደተሸነፈ ነው።

በቀድሞው ንጉሥ ዘመን ዳኛ እንደ ማንኛውም አገር ዳኛ ሜዳ መኻል እየሮጠ ይፈርድ ነበር ይላሉ። ይሁንና የተፈረደበት ወገን ሁሉ «አይቶ አዳላብን!» እያለ አስቸገረ። ሦስት ዳኞች በድንጋይ ተፈነከቱ፤ አንዱ በገዛ መለከቱ ተደበደበ። ንጉሡም አማካሪዎቹን ሰበሰበ። አማካሪዎቹ ሰባት ቀን ጾሙ፣ በስምንተኛው ቀን በደንብ በሉ፣ ከበሉ በኋላም እንዲህ ሲሉ ደነገጉ፦ «ያየ ሰው ያዳላል። ያላየ ሰው ግን በምን ያዳላል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዳኛው ወንበር ከምሥራቁ ግብ ጀርባ ተተከለ፤ ፊቱም ወደ ግንቡ፣ ጀርባው ወደ ሜዳው ሆነ። ዳኛው ሊቀ ጆሮ ተባለ። ሥራው መስማት ነው። ኳስ ወደ ግብ በተመታ ቁጥር አንዱ ወገን «ገባ!» ይላል፣ ሌላው ወገን «አልገባም!» ይላል። ሊቀ ጆሮ የበለጠውን ድምፅ ለይቶ ቀንዱን ይነፋል። አንድ ጊዜ ከነፋ ገብቷል፤ ሁለት ጊዜ ከነፋ አልገባም። የጨዋታው ዕለት ጠዋት ጆሮ ጠራጊ የሚባል ባለካባ ሹም መጥቶ፣ በነጭ ዶሮ ላባና ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት የሊቀ ጆሮን ሁለት ጆሮዎች በሕዝብ ፊት ያጸዳል። ቀኙን ብቻ ጠርጎ ግራውን የረሳ አንድ ጆሮ ጠራጊ ነበር፤ የዚያ ዓመት ዋንጫ የተበላው በቀኝ በኩል በተቀመጡ ሰዎች ስለሆነ እስከ ዛሬ በክፉ ይነሣል።

ሕጉ ሥርዓትም አለው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጩኸት መሪ ይመርጣል። መሪው ሳይጮህ የጮኸ ደጋፊ ዓመት ሙሉ ከሜዳ ይታገዳል። መሪው አፉን ሲከፍት ግን ሕዝቡ ሁሉ ይከተለዋል። እንግዲህ በዚህ ሕግ ብዙ ደጋፊ ያለው ቡድን ብዙ ግብ እንደሚያገባ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ባዘዘው ግን ተምሯል። ከአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሕግ አጥንቶ በማዕረግ ወጥቷል። ወደ ጎጡ ሲመለስ የእንዶዴ ሰዎች መከሩና «ካልቀረስ የተማረ ሰው ይጩህልን» ብለው ጩኸት መሪ አደረጉት። የተማረበት ሌላ ጥቅም እስከ ዛሬ አልተገኘለትም።

በዚያ ማክሰኞ እንዶዴ የገጠመው ቤተ ወርቅን ነው። እንዶዴ ሦስት መቶ ሰው ይዞ መጣ፤ ቤተ ወርቅ አራት ሺህ። እንዶዴ ካሸነፈ ከታችኛው ሜዳ ወደ ላይኛው ሜዳ ይወጣል፤ ከተፈጠረ ጀምሮ ወጥቶ አያውቅም። ወደ ማታ ገደማ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ሁለቱም ባዶ ለባዶ ነበሩ። ከምሥራቁ ግብ ማዕዘን አንድ ኳስ ወደ ላይ ተላከ። የእንዶዴው አጥቂ ላቀው፣ በሥራው ኮርቻ ሠሪ፣ ለግቡ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ኳሱን በትከሻው ላይ አሳለፈው፣ አንዴ ዞረ፣ በእግሩ ውጫዊ ጎን መታው። ኳሱ መንገድ እንደሳተ እንግዳ ወደ ውጭ ወጣ፤ የቤተ ወርቅ ተከላካዮች ሊስቁ ጀመሩ። ከዚያ ኳሱ ቤቱ ትዝ ያለው ይመስል አየር ላይ ታጥፎ ተመለሰና የላይኛዋን ማዕዘን ታክኮ ገባ።

እንዲህ ያለ ግብ በአገሪቱ ታይቶ አይታወቅም። ባዘዘው አፉን ከፈተ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ድምፅ አልወጣም። ሦስት መቶው የእንዶዴ ሕዝብ መሪውን እየጠበቀ፣ እሱም አፉን ከፍቶ፣ ሁሉም እንደ ሥዕል ቆሙ። ሦስት ትንፋሽ ያህል አለፈ። በአራተኛው ትንፋሽ የቤተ ወርቅ ጩኸት መሪ ተነሣና «አልገባም!» አለ። አራት ሺህ ጉሮሮ «አልገባም!» ብሎ መለሰለት። ሊቀ ጆሮ ማናስብም ቀንዱን ሁለት ጊዜ ነፉ።

ሦስት መቶው ሰው በአንድነት ዞሮ ባዘዘውን አየው። አጠገቡ የነበሩት ቆሎ ሻጭ እትዬ ሽታዬ፣ «ልጄ፣ አፍህ ውስጥ ምን ገባ?» አሉት። ከዚህ የሚብስ ነገር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አልተባለም፤ የተባለውም ሁሉ የዚሁ ዘመድ ነው።

ባዘዘው ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ሰው ስላልጮኸ የገባ ኳስ ተመልሶ ይወጣል ወይ? ይህንን ጽፎ ወደ ዳግም መስሚያ ቢሮ ሄደ። ሹሙ ማመልከቻውን ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየና አስቀመጠው።

«ክርክርህ ምንድን ነው?»

«ኳሱ ገብቷል ነው።»

«ማን ሰማ?»

«ማንም አልሰማም፤ ሁሉም አየ እንጂ።»

«ማየት እዚህ ቢሮ ማስረጃ አይደለም። ያሰማኸው ምንድን ነው?»

«ምንም። ዝም ነው ያልነው።»

«እሱም ይሁን። ዝምታውን በሦስት ቅጂ አምጣ፤ እንመረምረዋለን።»

ባዘዘው ሕግ የተማረ ሰው ነውና አላቅማማም። ሦስት ንጹሕ ወረቀት ላይ ምንም ሳይጽፍ አሽጎ አስገባ። በስምንተኛው ወር ተመለሰለት። ከላዩ ላይ «ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ጋር ስለማይመሳሰል ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ተጽፎበታል።

ከዚያ በኋላ አገሪቱ ዘመናዊ ሆነች። ከባሕር ማዶ ትልቅ የናስ መስታወት መጣ፤ ሕዝቡ «ከእንግዲህ በደል ቀረ» ብሎ ሦስት ቀን ጨፈረ። ባዘዘውም ጨፈረ። ነገር ግን ሊቀ ጆሮ እንዳያይ ሕግ ስላለ መስታወቱን የሚያዩት ከኮረብታው ጀርባ ጎጆ ውስጥ የተቀመጡ አምስት ሰዎች ሆኑ። አምስቱ አይተው፣ ተመካክረው፣ ያዩትን በሯጭ ይልካሉ። ሯጩ እስኪደርስ ተጫዋቹ ላቡ ይደርቃል፣ ደጋፊው ስንቁን ይጨርሳል፤ አንዳንዱም የተደሰተውን ደስታ መልሶ ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል። የሚመጣውም መልእክት፣ «ኳሱ ገብቷል፤ የአጥቂው ብብት ግን ከተከላካዩ ጉልበት በአንዲት ጣት ስለቀደመ አልገባም» የሚል ነው። ባዘዘው ስለ ሰኔ አሥራ ሦስቱ ግብ መስታወቱን ቢጠይቅ፣ መስታወቱ ያላየውን እንደማይናገር፣ ያየውንም ቢሆን ግራና ቀኙ የተገለበጠ ስለሆነ ኮሚቴ እየተቋቋመ መሆኑን ነገሩት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ባዘዘው ንዴቱን የሚያወርደው ገዝሙ ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ገዝሙ የእንዶዴ ተወላጅ ቢሆንም የቤተ ወርቅ ደጋፊ ነው። ሁለቱ ካልተሰዳደቡ ቀኑ የዋለ አይመስላቸውም።

አንድ ረቡዕ ባዘዘው ገብቶ ተቀመጠ። ገዝሙ አንገቱ ላይ ፎጣ እያሰረለት፣ «ዛሬስ የማንን ስም ልታጠፋ መጣህ?» አለው።

«ስም ያለውን ነው የማጠፋው። የናንተን ቡድን አልነካም።»

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ገዝሙም ሳቀ፤ መቀስ የያዘው እሱ ስለሆነ አይከፋውም።

«ዋንጫው ማን ቤት ነው ያለው? እሱን ብቻ ንገረኝ፣ ጋሼ።»

«እናንተ ቤት ነው። ዋንጫው ብቻ አይደለም፣ የሰው ልጅ ሁሉ እናንተ ቤት ነው። ቤተ ወርቅ ደህና ተጫዋች ባየ ቁጥር ይወስዳል። ሲያስፈልገው ሊያጫውተው፣ ሳያስፈልገው ሌላ እንዳያጫውተው። አግዳሚ ወንበራችሁ ላይ ያለው ሰው እኮ ራሱን ችሎ አጥቢያ ዳኛ ይፈልጋል።»

«ቅናት ነው። ብርሌን የመሰለ ተጫዋች የት ታገኛለህ?»

ብርሌ የቤተ ወርቅ ዝነኛ አጥቂ ነው። ስሙን ያገኘው ቶሎ ስለሚሰበር ነው።

«ብርሌ ቅዳሜ ስንት ጊዜ ወደቀ?»

«ተጠልፎ ነዋ!»

«በማን? ካጠገቡ እኮ ሰው አልነበረም!»

«ነፋስ ነበረ» አለ ገዝሙ። «የዕለቱን ነፋስ አንተ አታውቀውም።»

«እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ያ ልጅ ኳስ አይለማመድም፤ ጩኸት ነው የሚለማመድ። ሊቀ ጆሮ ስለማያዩ 'ወይ እናቴ!' የሚለውን ቃል ሦስት ወር ከአልቃሽ ተምሮታል። ደግሞም ደህና ተምሮታል፤ እኔ ራሴ እያወቅኩ እንባዬ መጣ።»

«ቤተ ትዝታ ይሻልሃል?» አለ ከጥግ አንዱ።

«ቤተ ትዝታማ ቡድን አይደለም፣ ተዝካር ነው። አራት ለባዶ ተሸንፈው ሲወጡ ስለ አያቶቻቸው ይዘፍናሉ። አሠልጣኝ እንደ ነጠላ ይቀያይራሉ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ቶሎ ይነተባል። እስቲ አንድ ደጋፊያቸውን ዘንድሮ ስንተኛ ናችሁ በለው። በእገሌ ዘመን እንዲህ ነበርን ይልሃል።»

«እኛስ?» አለ ሌላው። የቤተ ዘንድሮ ደጋፊ ነው፤ ማልያውን ለብሶ ነው የመጣው።

ባዘዘው በኀዘኔታ አየው። «እናንተን አልሰድብም። ከኳሳችሁ የሚያምር የለም። አርባ ጊዜ ትቀባበላላችሁ፤ ግቡ ፊት ስትደርሱ ይሉኝታ ይይዛችኋል። ለማግባት ታፍሩና ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ። መስከረም ላይ 'ዘንድሮ የኛ ነው' ትላላችሁ፤ የካቲት ላይ ሒሳብ ትሠራላችሁ፤ ግንቦት ላይ 'ለከርሞ' ትላላችሁ። የእምነት ጽናት ከናንተ ሌላ የት አለ?»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ። ባለማልያውም «አይ ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ...» ብሎ ጀመረና ራሱ ሳቀ።

ገዝሙ ምላጩን እየሳለ እንደ ዋዛ፣ «የሰማኸው ነገር የለም እንዴ?» አለ። «ሊቀ ጆሮ ማናስብ ቅዳሜ ቀንዱን ያስረክባሉ።»

ባዘዘው ከወንበሩ ቀና አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከሕግ መጽሐፉ በቃሉ ያውቀዋል። ፍርድን የሚያስተካክለው የፈረደው ቀንድ ብቻ ነው። ሊቀ ጆሮ ሲሰናበት የሰም ሹም የቀንዱን አፍ በሰም ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቀንድ የፈረደው ሁሉ ለዘለዓለም ይጸናል። የሰኔ አሥራ ሦስቱ ግብ ቅዳሜ ካልገባ መቼም አይገባም። አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች። በስንብቱ ዕለት ሰም ከመፍሰሱ በፊት ሕዝቡ ጥያቄ ይጠይቃል። ከሁሉ በልጦ ከሊቀ ጆሮ ጆሮ የደረሰውን አንድ ጥያቄ ሊቀ ጆሮ በመሐላ፣ እውነቱን ይመልሳሉ።

«ገዝሙ፣ ያን ዕለት የት ነበርክ?»

«ከግቡ አጠገብ። አልደብቅህም፣ ገብቷል። መረቡ ሲንቀጠቀጥ ፊቴን ነፋስ መታኝ።»

«ታዲያ ለምን 'አልገባም' ብለህ ጮኽክ?»

ገዝሙ ከልቡ ተገረመ። «ደጋፊ ነኝ እንጂ ምስክር ነኝ እንዴ?»

ባዘዘው ፎጣውን ከአንገቱ ላይ ገፎ ተነሣ። «ጋሼ! ግማሽ ጢምህ ቀርቷል እኮ!» ቢለውም አልሰማውም።

ሐሙስና ዓርብ እንዶዴን ቤት ለቤት ዞረ። ሦስት መቶ ሰው ቢያገኝ፣ ዘንድሮ ቢያንስ በሰዓቱ ይጮኻል። እንዶዴ ግን እንደ ድሮው አይደለችም። የጎጡ ሜዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት ተተክሏል። ሕዝቡ የራሱን ቡድን ትቶ የሩቅ ቤቶች ደጋፊ ሆኗል። ወሬ ነጋሪ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዞ የጨዋታውን ሁኔታ ሲያወራላቸው፣ ሾላው ሥር ተሰብስበው ጥፍራቸውን እየበሉ ያዳምጣሉ። ካለቀ ሁለት ቀን የሆነው ጨዋታ ላይ «አቀብለው! አቀብለው እንጂ!» ብለው ይጮኻሉ። ሕፃናቱን እንኳ በሩቅ ተጫዋቾች ስም ይጠሯቸዋል፤ በአንድ ጎጥ አሥራ አንድ ብርሌ ተቆጥሯል።

«ቅዳሜ?» አሉት አንዱ ጎረቤት። «ቅዳሜማ ወሬ ነጋሪው ይመጣል። ቤተ ዘንድሮ ሐሙስ ዕለት ተጫውቶ ነበር። ይህን ጨዋታ እንዴት ትቼ እመጣለሁ?»

«የእንዶዴ ጉዳይ ነው እኮ!»

«እንዶዴ ስንተኛ ነው?»

ባዘዘው ወደሚቀጥለው በር አለፈ። እንዶዴ ቡድኑ ከፈረሰ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል።

መጨረሻ ላይ ላቀው ዘንድ ሄደ። ላቀው ሸብቷል፣ ሆዱ ገፍቷል፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የኮርቻ ቆዳ ይወጥራል።

«አንተ ሰው፣ አሁንም አልተውከውም?» አለ ላቀው እየሳቀ። «እኔ እኮ እግሬ ያውቃል። ሌላ ሰው ባያውቅ ምን ቸገረኝ?»

«ለአንተ አይደለም የምጠይቀው።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

ባዘዘው ቆዳውን ትኩር ብሎ እያየ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዉ 'አንተ ነህ ያስቀረኸው' ይለኛል» አለ። «እውነታቸውን ነው፤ ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ግን ገብቶ ስላየሁ ነው። ሳይገባ ቀርቶ ቢሆንማ እንደ ልቤ እጮህ ነበር። አንድ ሰው ይህንን በአፉ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ።»

ላቀው ቆዳውን አስቀመጠ። «በል እሺ። የተማረ ሰው ሲለምን ደስ አይልም።»

ቅዳሜ ሦስት ሆነው ሄዱ፤ ባዘዘው፣ ላቀውና እትዬ ሽታዬ። እትዬ ሽታዬ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። «እኔ የምሄደው ቆሎ ልሸጥ ነው፤ በዚያውም እጮሃለሁ» አሉ።

ሜዳው ሞልቷል። ቤተ ወርቅ ብቻውን አራት ሺህ ሰው አሰልፏል፤ ገዝሙም ከመካከላቸው ሆኖ እጁን አውለበለበላቸው። ሊቀ ጆሮ ማናስብ እንደ ወትሮው ለሕዝቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። በሠላሳ ዓመት የዳኝነት ዘመናቸው ከጀርባቸው በቀር ያየ ሰው ስለሌለ፣ ሕዝቡ በማጅራታቸው ነው የሚያውቃቸው። ጆሮ ጠራጊው ላባውን ይዞ በቀኝ ቆሟል። የሰም ሹሙ ፍም ላይ ሰሙን ጥዶ በግራ ተቀምጧል።

ነጋሪት ተመታና ጥያቄ ተጀመረ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። አንዱ «ባለቤትዎ የማን ደጋፊ ናቸው?» ይላል፤ አንዱ «ጡረታ ሲወጡ ሜዳውን ያዩታል ወይ?» ይላል። የቤተ ወርቅ ጩኸት መሪ ደግሞ አራት ሺውን አስተባብሮ፣ «ከሁሉ የሚበልጠው ቡድን ማን ነው?» እያሰኘ ሰማዩን ያንቀጠቅጣል። እትዬ ሽታዬ አንድ ጊዜ «ገብቷል ወይ?» ብለው ሳል ያዛቸው።

ላቀው በባዘዘው ጆሮ፣ «ሦስት ሰው አራት ሺህ ሰውን አይበልጥም። እንሂድ ይልቅ» አለው።

ባዘዘው ግን የሕጉን ቃል በልቡ እየደገመ ነበር። ሕጉ «በልጦ የተጮኸ» አይልም፤ «በልጦ ከሊቀ ጆሮ ጆሮ የደረሰ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያነብ ይህቺን ቃል አላያትም። ተነሣ። በሕዝቡ መካከል አለፈ፣ በግቡ ጎን አለፈ፣ በጆሮ ጠራጊው ፊት አለፈ። ከወንበሩ ወዲያ፣ በሊቀ ጆሮና በግንቡ መካከል ገብቶ ቆመ።

እዚያ ማንም ቆሞ አያውቅም። የሚከለክል ሕግ የለም፤ ሊሄድ ያሰበ ሰው ስለሌለ ሕግ አላስፈለገውም። ባዘዘው የሊቀ ጆሮን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ቀጭን፣ ጢማቸው ያነሰ፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ደነገጡ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለ የሰም ሹሙ ከተቀመጠበት።

«ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ጥያቄው የሚመረጠው ከመጨረሻዋ ኳስ በኋላ ነው! ሥርዓት አታውቅም?»

የስንብቱ ሥርዓት አንዲት ኳስ እንድትመታና ሊቀ ጆሮ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲፈርዱ ያዛል። ክብሩ ለብርሌ ተሰጥቷል። ባዘዘው ሜዳውን ለማየት ዞር ሊል ሲል ዓይኑ ግንቡ ላይ ዐረፈ። ሊቀ ጆሮ ንጹሕ ነገር ብቻ እንዲያዩ ተብሎ በየዓመቱ ኖራ የሚቀባ ነጭ ግንብ ነው። ጊዜው ወደ ማታ ተጠግቷል፤ ፀሐይዋ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ወርዳ፣ ከሕዝቡ ጀርባ ሆና ታበራለች። የግቡ ሁለት ቋሚዎችና አግዳሚው ተረዝመው ነጩ ግንብ ላይ ወድቀዋል፤ ብራና ላይ በቀለም እንደተሣለ ጥርት ብለው ይታያሉ። በመካከላቸው የበረኛው ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ባዘዘው ወደ ሜዳው መዞሩን ተወ።

ከሜዳው የብርሌ ሩጫ ተሰማ። መታ፤ እንደ መታም «ወይ እናቴ!» ብሎ ወደቀ። የኳሱ ጥላ ግንቡ ላይ ብቅ አለ፤ ክብ፣ ጥቁር፣ እየበረረ። ባዘዘው ከግንቡ ዓይኑን ነቅሎ ሊቀ ጆሮን አየ። የሊቀ ጆሮ ዓይኖች ይሄዳሉ። ከኳሱ ጋር ይሄዳሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንደለመደ ሰው። ኳሱ የቀኙን ቋሚ ሳይነካ በስተውጭ አልፎ ጠፋ። የሊቀ ጆሮም ዓይኖች በስተውጭ አልፈው ቆሙ፤ ከንፈራቸውም «ፎረሸ» የሚል ሰው ከንፈር ሆነ።

ያን ጊዜ የቤተ ወርቅ ጩኸት መሪ «ገባ!» አለ። አራት ሺህ ሰው «ገባ!» አለ።

ሊቀ ጆሮ ማናስብ ቀንዱን አነሡና አንድ ጊዜ ነፉ።

ሕዝቡ በደስታ ዘለለ። የሰም ሹሙ የፈላውን ሰም ከፍም ላይ አወረደ። ጆሮ ጠራጊውም የባዘዘውን ክንድ ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ጥያቄው የሚሰጠው ድምፁ ለበለጠ ነው፤ አንተ ብቻህን ነህ» አለው።

«ሕጉን አንብበው፣ ጌታዬ። በልጦ ከሊቀ ጆሮ ጆሮ የደረሰ ነው የሚለው። እነሱ መቶ እርምጃ ርቀዋል። እኔ ትንፋሼ ጢማቸውን ያንቀሳቅሰዋል። በል እስቲ፣ የማን ይበልጣል?»

ጆሮ ጠራጊው ወደ ሊቀ ጆሮ አየ። ሊቀ ጆሮ ቀንዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ይሰማኛል» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ልቀቀው። አንድ ጥያቄ ነው፣ ልጄ።»

ባዘዘው ለሃያ ሁለት ዓመት ያዘጋጃት ጥያቄ «ገብቷል ወይስ አልገባም?» የምትል ነበረች። አፉን ከፈተ። ላቀው ከግቡ ጎን ቆሞ አንገቱን አስግጓል። እትዬ ሽታዬ የቆሎ ቁናቸውን ታቅፈው፣ «ዛሬ ደግሞ አፍህን ከፍተህ እንዳትቀር!» ብለው ጮኹበት።

አልቀረም።

«ሊቀ ጆሮ ማናስብ» አለ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ፤ «ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን ማክሰኞ ፀሐይ ነበር። ላቀው ሲመታ ሦስት ትንፋሽ ያህል ማንም አልጮኸም። ያን ጊዜ የሚሰሙት ምንም ነገር አልነበረም፤ ጆሮዎ ሥራ ፈትቶ ነበር። ዓይንዎ ግን የት እንደነበረ አሁን አይቻለሁ። ሰሙ ሳይፈስ፣ በመሐላዎ ይንገሩኝ። እነዚያን ሦስት ትንፋሾች እዚህ ግንብ ላይ ምን አዩ? ይመልሱልኝ!»